ያልፈላው የጨው ውሃ

ለምወድሽ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ ማስቃሰቱን ተወሽ? አባቴስ መነጽሩን ያደርገዋል ወይስ አሁንም ለኪሱ ነው የገዛው? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የበረታብኝ። ዝም ያልኩሽ ጨክኜ አይደለም፣ እጄን አሞኝ ነው። አይዞሽ፣ አትደንግጪ፤ አልፏል።

እንደምታውቂው የምሠራው ከባሕር የሚያዝ ዓሣ ምን እንደሚያመው ከምታጠና ሐኪም ጋር ነው። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ አቀብላለሁ፣ አጥባለሁ። ዓሣ ደግሞ ይታመማል እንዴ ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ይታመማል እንጂ እማዬ! ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ብዙው ባክቴሪያ ይደክማል፤ ብርድ የሚስማማው ጥቂቱ ነው የዓሣውን ጎን የሚያቆስለው። ውሃው ሲሞቅ ግን ጉድ ነው፤ ክንፉ የተበላ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ ሆዱ የቀላ ይመጣልናል። አንዳንዱማ ላዩ አምሮ ውስጡ ያለቀ ነው።

በዚያ ሙቀት አንዱ ዓሣ በእሾሁ ጓንቴን በስቶ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ያንቺ ልጅ አይደለሁ? ቁስል በጨው ውሃ ይታጠባል ትይን የነበረው ትዝ አለኝ። ይኸው ፈጣሪ ሙሉ ባሕር አዘጋጅቶልኛል ብዬ ወረድኩና እጄን ነከርኩት። አንቺ መጀመሪያ ታፈይው እንደነበር የዘነጋሁት እኔው ነኝ፤ ባንቺ አላሳብብም። ለካ በዚያ ወቅት ባሕሩ ራሱ የባክቴሪያው ቤት ኖሯል።

በማግስቱ ክንዴ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ልደብቅ ስል ሐኪሟ አየችኝና፣ አንቺ ጅል፣ ልትሞቺ ነው እንዴ ብላ ጮኸችብኝ። ዓሣ በምንጭንበት መኪና ሆስፒታል አደረሰችኝ፤ ቁስሉን የባሕር ውሃ እንደነካውም ቀድማ ነገረቻቸው። የሚስማማውን መድኃኒት ቶሎ ያገኙልኝ በዚያ ነው። ትንሽ ብትዘገዪ እጅሽ ይቆረጥ ነበር አሉኝ። ሳለቅስ አብራኝ አለቀሰች፤ ከሆስፒታል ስወጣም ክፍሌ እየመጣች ፀጉሬን ታበጥርልኝ ነበር። አሁን ጣቶቼ ሁሉ ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ይለግማል።

ለአባቴ ጉልበቱን ሳሚልኝ። ያንን ነገረኛ ወንድሜን፣ እህቱ አሁንም በጥፊ ትደርስብሃለች በይው። አክስቴን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችንንም ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ።

ሐኪሟን ውለታሽን በምን ልክፈለው ብላት፣ እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችብኝ፣ እናትሽ ስትመርቅሽ እኔንም ታስገባኝ አለችኝ። እማዬ፣ እንግዲህ ስትመርቂ ልጄን ሳይሆን ልጆቼን በይ።

ልጅሽ
ከባሕሩ ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን