ማግኔቱን የገለበጥኩ ቀን

ውድ እጀ ወርቅ፣

በዚህ ስም ከጠራሁህ ቆየሁ። ይህን የምጽፍልህ ከላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ አጠገብ፣ አንተ ትቀመጥባት በነበረችው አንካሳ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። የማግኔቱ ኃይል ቀስ እያለ ወደ ዜሮ እየወረደ ነው፤ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ይወጣል። የላቦራቶሪውን ቁልፍ ዛሬ እንድመልስ ታዝዣለሁ። አለቃችን ከምሳ ሳይመለስ ይደርስልኝ ይሆን?

ከጥፍር የምታንሰውን ክሪስታላችንን አትረሳትም። አንዱን ጫፏን ስናሞቀው ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በማግኔት ውስጥ ግን ጥቂቱ ወደ ጎን ያጋድላል። ያጨበጨቡልን ለዚያች ጥቂት ነው። ማግኔቱ ሲገለበጥ ሙቀቱም ወደ ሌላው ጎን መዞር አለበት። ካልዞረ ያየነው ሌላ ምንም አይደለም፤ በክሪስታሏ ግራና ቀኝ በትክክል ፊት ለፊት ያልተጣበቁ ሁለት ቴርሞሜትሮች ናቸው፤ አንዱ ለሞቀው ጫፍ ስለሚቀርብ ብቻ አብልጦ ያነባል። ያጣበቅካቸው አንተ ነህ።

አንድ ጊዜ እንገልብጠው ብዬ ለመንኩ። ጽሑፋችን ለመጽሔት ተልኮ ነበርና አለቃችን ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ዳቦው ከተበላ በኋላ ዱቄት አይነፋም» አለኝ። በሳምንቱ ስሜ ከጽሑፉ ወጣ። ቅናተኛ ናት ተባልኩ። አንተ ኮሪደር ላይ እጄን ይዘህ «ዝም በይ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አልከኝ። ዝንቡማ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሌላ ሥራ አግኝተህ ስትሄድም የተሰናበትከኝ በመስኮት በኩል ነው።

የምፈራው አለቃችንን ብቻ አይደለም። ሙቀቱ ቢዞር እውነትም ቅናተኛ ነኝ። ባይዞር ያንተን ስም በገዛ እጄ አቃጥላለሁ። እናቴ ደውላ በላሽ ወይ ስትለኝ ጠግቤያለሁ አልኳት፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ዜሮን አለፈ። ማግኔቱ እስኪገለበጥ መለኪያው ቆሞ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ብቅ አለ። ወደ ታች፣ ወደ ሌላው ጎን ውረድ ብዬ ለመንኩት። ታምነኛለህ? እኔው እንድሸነፍ ለመንኩ፣ ላንተ ስል።

አልወረደም። ያው ጎን፣ ያው መጠን።

ዛሬውኑ ለመጽሔቱ እልከዋለሁ። እጅህ መሳቱን እጽፋለሁ፤ አውቀህ እንዳልሳትክም እጽፋለሁ። ከእኔ ጋር ብትፈርም ደስ ይለኛል። ባትፈርምም ይሄዳል።

የአለቃችን ጫማ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። ስክሪኑን ግን አላጠፋሁትም፤ ወደ በሩ አዙሬዋለሁ።

ቁልፉ ገና በእጇ ያለው፣
ቅናተኛዋ