ከመስመር ርቀን የሠራነው ቤት

ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ደረጃ ላይ ሲያስነክስሽ የከረመው እግርሽ ተሻለው? ጋሼስ ዓይናቸውን ታክመው ጋዜጣቸውን ማንበብ ጀመሩ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺን ባሰብኩ ቁጥር ግን ሆዴ ይባባል። የኔው ሰውዬም አለ፤ ይተነፍሳል፤ ተመስገን ነው።

ባለፈው በስልክ ስትጠይቂኝ “ከኮረብታው ወርደናል” ብቻ ብዬ የዘጋሁብሽ አኩርፌ አይደለም። አጠገቤ ተኝቶ ስለሚሰማኝ ነው። እስቲ አሁን በደብዳቤ ልተንፍስልሽ።

ዕድሜውን ሙሉ ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ ለሰው ቤት መብራት ሲያስገባ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል ሽቦ የማይታይበት ቦታ ካልኖርኩ አለ። “ቆጣሪ አንባቢ በሬን አያንኳኳም!” ሲለኝ፣ “ታዲያ ማን ሊያንኳኳልህ ነው፣ ንፋስ?” ብዬ ስቄበት ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ፕላኑን በካርቶን ላይ ሣለ። ሶላሩ የት ቢተከል ጥላ እንደማያገኘው ለማወቅ ዓመቱን ሙሉ ኮረብታው ላይ እየወጣ ፀሐይ ሲከታተል ከረመ። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ፣ ቅጠል በሚያስቀር ወንፊት አልፎ መሬት ውስጥ ወደተቀበረው ታንከር እንዲገባ አደረገ። ግድግዳውን በጭቃና በገለባ ክንድ ሙሉ አወፈረው። ኩሽናዬን ግን ያቀድኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃ ሳጥብ ሸለቆው እንዲታየኝ መስኮቱን ተጨቃጭቄ አስቀየርኩት። አንቺ እትዬ፣ የሳቅኩበትን ቤት ከሱ ብሼ ወደድኩት።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ጉንፋን ነው ሲል ሲል ዳገቱን መውጣት አቃተው። ሐኪሟ ሳንባው እንደተጎዳ፣ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን ቀን ከሌት ሳይቋረጥ እንደሚያስፈልገው ነገረችን። “ቤታችሁ መብራት አይጠፋም አይደል?” ብትለው ደረቱን ነፍቶ፣ “እኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም” አላት። እውነቱን ነው፤ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

በጋውን እንደምንም ተወጣነው። ክረምት ሲገባ ግን ደመናው ኮረብታው ላይ ተኝቶ አልነሳ አለ። ለማሽኑ እንዲተርፍ ብለን ፍሪጁን አጠፋን፤ ቀጥሎ ሬዲዮኑን፤ ከዚያ አምፖሎቹን። አንድ ጠዋት ዕቃ እያጠብኩ ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ። ሮጬ ብገባ ባትሪዎቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሽቦ በእጁ ይዟል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ቀለም የጠጣ ይመስላል። ለክፉ ቀን ያስቀመጥነውን የኦክስጅን ሲሊንደር ከፍቼ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረግሁለት።

ትንፋሹ ሲመለስለት፣ “ደመናው ይገፈፋል” አለኝ።

“ካልተገፈፈስ?” አልኩት።

ሽቦውን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ “እዚሁ ልሙት፤ ተይኝ” አለ።

እትዬ፣ በሕይወቱ እንዲያ ብሎ ለምኖኝ አያውቅም። ሌላ ነገር ቢለምነኝ እሺ እለው ነበር። “አንተስ ሞተህ ታርፋለህ፤ እኔን ለማን ትተህ?” አልኩትና ፒክአፕ ያለውን ጎረቤታችንን ጠራሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መንገዱን ሙሉ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “የአሸንዳውን ወንፊት ማን ይጠርገዋል?”

አሁን ከኮረብታው በታች፣ ሐኪሟ ካለችበት ክሊኒክ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ማሽኑ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። ቤቱን ለአንድ ጡረተኛ መምህርና ለሚስቱ ሰጠናቸው። ሰሞኑን መምህሩ ስለ ባትሪዎቹ ሊጠይቅ ደወለ። ምን ልበልሽ! የባሌ ድምፅ ያኔ ካርቶን ላይ ሲሥል የነበረው ሰውዬ ድምፅ ሆነ፤ ትንፋሽ እየሰበሰበ ሁሉን ነገር አንድ በአንድ አስረዳው። ስልኩን ዘጋና አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔም ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ።

አላዳንኩትም፣ ከቤቱ ነው የቀማሁት የምልበት ቀን አለ። ደግሞ ማታ ሲያስልና ሲገላበጥ፣ አለልኝ ብዬ ደስ ይለኛል። ሁለቱም የኔ ናቸው።

እንመጣለን ብለሽኛል፤ እባክሽ አትቅሪ። ስትመጪ እሱ ፊት የቤቱን ነገር አታንሺ። እኔን ግን ወደ ውጭ ጠርተሽ ጠይቂኝ፤ ክፍል በክፍል እነግርሻለሁ። የማወራው ሰው አጥቻለሁ።

ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋን ልጅሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት፤ ሕፃኑን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለዚያ ለቀልደኛው ልጅሽ አክስትህ ቀልድህ ናፍቋታል በይው። የኔው ሰውዬም ሰላም ብሏችኋል፤ ባይልም ብሏል።

እህትሽ

ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ነሐሴ መጨረሻ