ለጋሽ ይሻው የተነበበው የአባቴ ሕይወት

ውድ አባዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የወንዛዬ ፍል ውሃ ተስማማዎት ወይ? እኔም ቤቱም ደህና ነን። የጎረቤታችንን የሹፌሩን የጋሽ ይሻውን ማረፍ በስልክ ነግሬዎታለሁ። ያልነገርኩዎት የተቀበሩት በአንቱ ታሪክ መሆኑን ነው።

ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። ነገር ግን «ኦፕራሲዮን» የሚለው ቃል ላይ በደረስኩ ቁጥር ስልኩ ጥርቅም ይላል። ኔትወርክ ነው ይሉኛል። ቃል እየመረጠ የሚጠፋ ኔትወርክ ያለው እንግዲህ ወንዛዬ ብቻ ነው። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ አንቱ ደግሞ ወረቀት ከጀመሩ ሳይጨርሱ አያስቀምጡም። ስለዚህ ሐሙሲት ገበያ በሚወርደው በሙሐዲን እጅ ይህን ልኬያለሁ።

ከመሄድዎ በፊት ከነበረው ሳምንት ልነሳ። ሐኪሙ የሐሞት ጠጠሩ መውጣት አለበት፣ ባሕር ዳር ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ ሲልዎት ተነስተው ወጡ። ቤት ገብተው ካፖርትዎን ለበሱና ነጂብ ፎቶ ኮፒ ቤት እንሂድ፣ የሕይወት ታሪኬን ላስጽፍ ነው አሉኝ። ለቀብርዎ የሚነበበውን ማለትዎ ነበር። ሌላው ሰው ለኦፕራሲዮን ፒጃማ ያዘጋጃል፤ የእኔ አባት የቀብር ወረቀት ያዘጋጃል።

ነጂብ ራስ ላይ ቆመው ሲያስጽፉ አጠገብዎ ነበርኩ። «ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ» አሉ። «ሰዓት አክባሪነታቸው ለትውልድ አርአያ የሆነ» አሉ። «ለተጣላ አስታራቂ፣ ከመጠጥና ከአልባሌ ቦታ የራቁ» አሉ። «በሐሞት ጠጠር ለረጅም ጊዜ ሲሰቃዩ ቆይተው» ካሉ በኋላ የሚያርፉበትን ቀን ብቻ ነጥብ በነጥብ አድርገው ክፍት ተዉት። እኔ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ አፌን ስከፍት፣ ልብ ወለድሽን እዚህ እንዳታስገቢብኝ ብለው ነጂብ ፊት አሳፈሩኝ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ እኮ አባዬ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ከተቱና «በቃ፣ ተጨርሷል» ብለው ለፍል ውሃው ተሰናዱ። ያ «ተጨርሷል» ያሉት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ይህ ጠባችን የዛሬ አይደለም። አንቱ የሚያነቡት የጄኔራል፣ የሚኒስትርና የጳጳስ ሕይወት ታሪክ ነው። ገጽ ሃያ ሳይደርሱ መነጽርዎ አፍንጫዎ ላይ እንዳለ ያንኮራፋሉ፤ ሲነቁ ደግሞ «ትልቅ ሰው ነበር» ይላሉ። እኔ ልብ ወለድ ይዤ ሳለቅስ ካዩኝ ግን ምርመራ ይጀምራሉ። ይህ የሞተው ሰውዬ የማን ልጅ ነው? ቀበሌው የት ነው? የሌለ ሰው እንዴት ይሞታል? የአጎትሽ ልጅ ሲሞት እንኳ እንዲህ አላለቀስሽም። እውነትዎን ነው፣ አላለቀስኩም። የአጎቴን ልጅ የማውቀው «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» በመባባል ነው። ያ የሌለው ሰውዬ ግን ምን እንደሚያስፈራው፣ በማን እንደሚቀና፣ እናቱን ምን ብሎ እንደዋሻት አውቃለሁ። ከማውቀው ሰው ስለያይ አለቅሳለሁ፣ ምን ላድርግ።

እንግዲህ ወደ ቀብሩ ልምጣ። ጋሽ ይሻው እራታቸውን በልተው፣ እንደልማዳቸው ቀልደው ተኙና ሳይነቁ ቀሩ። ጠዋት ልጃቸው ሞገስ ዓይኑ አብጦ ነጂብ ጋ ሄደ፤ የልደት ዘመንና የቤተሰቡን ስም ሰጥቶት ወጣ። መብራት ሊጠፋ ነው፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ነጂብ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የአንቱን ታሪክ አገኘ። ውቤ የሚለውን ስምዎን ይሻው አደረገ። መምህር የሚለውን ሁሉ ሹፌር አደረገ። የቀረውን መለስ ብሎ አላነበበውም።

የዕድሩ ጸሐፊ አቶ መልካሙ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመው በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ። «አቶ ይሻው ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በሹፌርነት በማገልገል ትውልድን የቀረጹ» ሲሉ ጆሮዬን አላመንኩም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ሰዓት አክባሪ ነበሩ አሉ። አባዬ፣ የጋሽ ይሻው አውቶቡስ አስራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ሲባል ተሳፋሪው ቁርሱን ቤቱ በልቶ፣ ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ነበር የሚመጣው። ከመጠጥ የራቁ ነበሩ ሲባል የጠላ ቤት ጓደኞቻቸው ከኋላ ተያዩ፤ ወዲያው ግን እነሱም እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ኀዘን የጠናብኝ መስሏት አቀፈችኝ።

የሐሞት ጠጠሩ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተበላሸ። ሕዝቡ ለካ ደብቆን ነው እያለ አጉረመረመ። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ሳትነግረኝ ብለው እንደ አዲስ ደረታቸውን መቱ። የእኔም ሳቅ እዚያው ቆመ። ያ ጠጠር የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያው ሕዝብ ለአንቱም ተሰብስቦ፣ ያው ወረቀት ላይ፣ በዚያው መስመር እንደሚያለቅስ፣ እኔም እዚያ ቆሜ አባቴን ከወረቀቱ ውስጥ ፈልጌ እንደማጣው ገባኝ። ፈራሁ አባዬ። በጣም ነው የፈራሁት።

ነጂብ ጋ ሄጄ ስጮህበት አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ «ጽጌ፣ ከመምህር ውቤ የተሻለ ሕይወት ከየት ላምጣላቸው?» አለኝ። እንዳያስተዛዝበን ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ለእትዬ ዘነበች እውነቱን ነገርኳቸው። ባልዎ ጠጠር አልነበረባቸውም፣ የተነበበው የአባቴ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከዚያ ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር፤ ለካ እየሳቁ ነው። እኔስ ሰዓት አክባሪ ሲሉ የማንን ባል ነው የምቀብረው ብዬ ነበር አሉ።

ቀጥለውም ድንኳን ሙሉ ሴት እየሰማ የራሳቸውን ጀመሩ። ይፋግ አባታቸው ቤት ልጃገረድ ሳሉ፣ ጎንደር የሚሄደው የጋሽ ይሻው አውቶቡስ ጎማው የሚተነፍሰው ቅዳሜ ቅዳሜ በእነሱ ደጅ ብቻ ነበር። አባትየው መጀመሪያ እየተራገሙ ያግዟቸው ነበር፤ ኋላ ግን ቅዳሜን አስበው ጠላ ማስጠመቅ ጀመሩ። ልጅቷ ውሃ ታቀብላለች፤ ሹፌሩ ጎማውን ይፈታል፣ ያስራል፣ ደግሞ ይፈታል። በመጨረሻ ተሳፋሪዎቹ ተማከሩ። ይህን ሰውዬ ካልዳርነው ጎንደር አንደርስም አሉና፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ደጅ ቆመ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ወንዶቹ ከውጭ ገብተው ለቅሶ ቤት መሆኑን ረሳችሁት ወይ ብለው ተቆጡን፤ ምን እንዳሳቀን ሲሰሙ ግን እነሱም ቦታ ይዘው ተቀመጡና እንደገና አስጀመሯቸው።

እኔም የአንቱ ልጅ አይደለሁ፣ ምርመራ አማረኝ። በእውነት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ገባ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የገቡት ሁለት ናቸው» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሌላውን እኔ ጨምሬበታለሁ። ግን ይሻውን አየሽው አይደል?»

አየኋቸው አባዬ። ጎማ መፍቻ ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ዓይናቸው ከጎማው ይልቅ ውሃ ወደምታቀብለው ልጅ እየሄደ አየኋቸው። ልብ ወለድ የማነበው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከድንኳኑ እንደወጣሁ ነጂብ ጋ ተመልሼ የአንቱን ታሪክ ከኮምፒውተሩ አስጠፋሁት። ቢቆጡም ይቆጡ። ኪስዎ ያለው ቅጂም ከእንግዲህ አይረባም፤ ሕዝቡ አንዴ አልቅሶበታል። ዳግም ቢነበብ መምህር ውቤ የሹፌር ታሪክ ወሰዱ ነው የሚባለው። ስለዚህ አሁን ታሪክ የለዎትም፤ የተጨረሰም ነገር የለም። ፍል ውሃ ጉልበት ያፍታታል እንጂ ጠጠር አያሟሟም፤ ያ ጠጠር ደግሞ አንድ ሰው በወረቀት ገድሎብናል፣ ይበቃዋል። መንገዱ ሰላም ከሆነ እሁድ እመጣለሁ፤ ሰኞ ባሕር ዳር እንገባለን፤ ማክሰኞ ሐኪሙ ይጠብቅዎታል።

በመንገዳችን ላይ አንድ ነገር ይነግሩኛል። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጃንጥላ ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር። ምን ያስቅሻል ስላት «አባትሽን ጠይቂው» ትለኛለች። አንቱን ስጠይቅ ጉሮሮዎን ይጠርጋሉ እንጂ አይመልሱም። እዚያ ወረቀት ላይ እማዬ ያለችው «በሕግ ተጋብተው» በሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሃያ ገጽ ቢሆን እንኳ ያንን ጃንጥላ አያስገቡትም ነበር፣ አውቅዎታለሁ። የረሱት ቢኖር ከራስዎ ይጨምሩበት፣ አልከራከርዎትም። ብቻ ሆስፒታሉ በር ከመድረሳችን በፊት ይጀምሩልኝ፤ ሲነቁ ደግሞ ይጨርሱልኛል። ጃንጥላውን ሳልሰማ ልቀብርዎት አልችልም አባዬ።

እሁድ በር ላይ ይጠብቁኝ።

ልጅዎ ጽጌ
ደብረ ታቦር