ከአልጋው ሥር ያለው ቅቤ

ወልቂጤ፣ ነሐሴ ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ደበሌ፣

እንደምን ከርመሃል ማለት ደንብ ነው፤ ብያለሁ። እኛ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። «እናቴ ሽማግሌ ልካ ይቅርታ ካልጠየቀችኝ ለመጪውም መስቀል አልመጣም» ያልከው መልእክት ደርሶኛል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥዬ ረገምኩህ።

ካቻምና መስቀል የሆነውን ላስታውስህ፤ አንተ ቂሙን እንጂ ነገሩን አትይዝም። የሚስትህን አባት ከአዲስ አበባ ይዘህ መጣህ። እናታችን ክትፎውን በሸክላ ጣባ አቀረበች። አማትህ አንዴ ጎርሶ አፉን በመሐረብ ያዘ፤ ቅቤው ከርፍቶ ነበር። ተነሥተህ ጣባውን ለውሻ ደፋኸው። «ሚስቴን ስላልወደድሽ ሆን ብለሽ ነው» አልካት፣ በሰው ፊት። እሷ ከመሬት አንሥታ ቀመሰችና «ምን ሆነ? ደህና ነው እኮ ልጄ» አለችህ። እሱንም ንቀት ነው አልክ።

እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ጠርጥረናት ነበር። የእናታችን አፍንጫ የሰፈሩ ዳኛ ነበር። ሴቶቹ ለመስቀል ቅቤ እያዋጡ ተራ በተራ በሚወስዱበት ዕቁብ፣ እያሸተተች «ይሄ ይግባ፣ ይሄ ይመለስ» የምትለው እሷ ናት። ሞራ የቀላቀለችውን ሴት እዚያው ታሳፍራታለች። እንዲህ ያለች ሴት ሳታውቅ የከረፋ ቅቤ ለእንግዳ ታቀርባለች ብሎ ማን ያምናል?

አፍንጫዋ ግን ሞቶ ነበር። ከእኛ በፊት ያወቁት የዕቁቡ ሴቶች ናቸው፤ እነዚያው ስታሳፍራቸው የኖሩት። አውቀው ዝም አሉ፤ ተራዋ ሲደርስ የተበላሸ የተበላሸውን አመጡላት። ጎረቤታችን ተናኘወርቅ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

ከዚያ ወዲህ ላምባውን ዘይት መስሏት ጎመን ላይ ጨመረችው። ከገበያ ስትመለስ መንገዱ ጠፍቷት ሰው ቤት ገብታ ተቀመጠች። እኔን በሟች እህቷ ስም ትጠራኛለች። እምድብር ወስጄ አሳየኋት። የክሊኒኩ መነኩሲት «መጀመሪያ የጠፋት ማሽተት ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት «በሌሎች አሮጊቶችም አይቻለሁ፤ አፍንጫ ይቀድማል፣ ልብ ይከተላል» አለች። መድኃኒት የለኝም ብላ መለሰችን።

መልእክትህን ለእናታችን ነገርኳት። «ደበሌ ይቅርታ ጠይቂኝ ይላል።»

«የማን ልጅ ነው?»

ያንቺ ማለት አቃተኝ። «እናቴ በደለችኝ የሚል ሰው ነው» አልኳት።

«ምን አድርጋው?»

«የከረፋ ቅቤ አበላችኝ ብሎ።»

ከንፈሯን መጠጠች። «ምስኪን። ምን ዓይነት እናት ናት! ወደ እኔ ይምጣ፤ እኔ ጥሩ ቅቤ አለኝ» ብላ ከአልጋዋ ሥር ማሰሮዋን ጎተተች።

የካቻምናው ትራፊ ነው። ደጋግማ ትከፍተዋለች፣ አፍንጫዋን ታስጠጋለች፣ ፈገግ ትላለች። ቤቱ ከክርፋቱ የተነሣ ሰው አያስገባም። ልድፋልሽ ብላት እጄን ነከሰችኝ።

እንግዲህ ሽማግሌ የምትልክልህ እናት የለችህም። ለመስቀል ና። ጣባውን ራሷ ታቀርብልሃለች፤ ታጎርስሃለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይሃለሁ። ፊትህን ሳትቋጥር ጉርሻውን ትውጠዋለህ፤ «እጅሽ ይባረክ» ትላታለህ። ማን ነህ ብትልህ ስምህን እንዳትነግራት። እናቱ የበደለችው ምስኪን እያለች ታብላህ።

እህትህ ዘርፈሽዋል