ውሃው በዘጠና ስድስት ፈላ

ጎርካ ባዛር፣ የአሶጅ ወር ሦስተኛ ሳምንት

ውድ ኡርጌን፣

ባለፈው ማክሰኞ ስልክ ደውላ ማደሪያ የጠየቀችህ አሮጊት እኔ ነኝ። ስሜን ስትጠይቀኝ «ያሾዳ» ብቻ አልኩህ። በአውራጃችን ያሾዳ የሚባሉ ሴቶች ብዙ ስለሆኑ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ ነበር። ግማሽ መልስ ሙሉ ነጥብ እንደማያሰጥ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ግን እኔው ነኝ። ሙሉ ስሜ ያሾዳ ፓንታ ነው። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ አስተማሪህ ነበርኩ።

ይህን ሳታውቅ ቤትህ ገብቼ መተኛት አልፈለግኩም። ስለዚህ ደብዳቤው ከእኔ ቀድሞ በፑርና እጅ ይደርስሃል። ፑርናን ታውቀዋለህ፤ ፈረንጆች እየመራ ቤትህ የሚያድረው፣ ወሬ የማያልቅበት መንገድ መሪ ነው። የዲልማያ የእህት ልጅ ነው። ዲልማያን ደግሞ የምትረሳት አይመስለኝም፤ ያኔ ገና ኮረዳ ሳለች የትምህርት ቤቱን ደወል የምትደውልልን እሷ ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው በዚሁ በፑርና ነው። በጸደይ ወራት ከጉዞ ተመልሶ ግቢዬ ገባና ገና ቦርሳውን ሳያወርድ፣

«ሚስ፣ እዚያ ላይ አንድ ጉደኛ ሰው አለ» አለኝ። «ከላርኬ የተራራ መሻገሪያ በታች፣ የመጨረሻው ሻይ ቤት ባለቤት ነው። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሏል። ‹እዚህ ውሃ የሚፈላው በሰማንያ አምስት ዲግሪ ነው› ይላል። እንግዳ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ካማረረ በጭልፋው ወደ ሰሌዳው ይጠቁመዋል።»

«ስሙ ማነው?»

«ኡርጌን። ልጅ ሆኜ ጎርካ ሆስቴል ነበርኩ ይላል። ለምን እንደተወው ግን አይናገርም።»

ምስር እየለቀምኩ ነበር። ትሪውን መሬት አስቀመጥኩት።

አንተ ሰባተኛ ክፍል በነበርክበት ዓመት ለዳሳይን በዓል ትምህርት ስንዘጋ የሳይንስ ቁም ሳጥኑን ቆጠርኩ፤ ቴርሞሜትሩ የለም። ትምህርት ቤታችን የነበረው አንድ ብቻ ስለነበር በዓሉን ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። ትምህርት ሲከፈት አንተ ከሁሉም ዘግይተህ፣ ጫማህ ተቀዶ፣ ከንፈርህ በብርድ ተሰነጣጥቆ መጣህ። ከብብትህ ሥር አንድ የሱፍ ካልሲ አውጥተህ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥክ። ቴርሞሜትሩ ካልሲው ውስጥ ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። ከእሱ ጋር አንድ ደብተር ሰጠኸኝ።

«ሚስ፣ ለካሁት» አልክ።

«ማን ውሰድ አለህ?» አልኩህ። «ሳያስፈቅድ የወሰደ ሰው ምን ይባላል?» መልሱን በማግስቱ ሰልፍ ላይ፣ ሁለት መቶ ሰባ ተማሪ እየሰማ እኔው ተናገርኩት። መዳፍህን ሁለት ጊዜ በዱላ መታሁ። እጅህን ወደ ኋላ አልሳብክም። ደብተሩን ሳልገልጠው መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ከዚያ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና መጣ። ሰባተኛው ጥያቄ «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» የሚል ነበር። አንተ «የት?» ብለህ ጻፍክ። አንድ ቃል ብቻ፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር። ንቀት መሰለኝ። በቀይ ሰረዝኩት። ጥያቄው ሁለት ነጥብ ነበረው፤ አንተም ከማለፊያው በሁለት ነጥብ ጎደልክ። የወደቀ ልጅ የሆስቴል አልጋውን ያጣል የሚል ደንብ ነበረን፤ እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ደንብ የሚባል ነገር አልጥስም። በሚቀጥለው ዓመት አልጋህ ላይ ሌላ ልጅ ተኛ።

አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አውቅ ነበር። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ አለ፤ ለዘጠነኛ ክፍልም ራሴ አስተምረው ነበር። የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ የሚለው መቶ ነው። እኔ ያረምኩህ በሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው።

ደብተርህን የከፈትኩት ከስምንት ዓመት በፊት፣ ጡረታ ወጥቼ መሳቢያዬን ሳስረክብ ነው። ወደ ቤትህ የዘጠኝ ቀን መንገድ ነበር። በየማደሪያው፣ ከሰው ምድጃ ሥር ቁጭ ብለህ፣ የሰው ድስት ውስጥ ለክተሃል። አሩግሃት ዘጠና ስምንት። ጃጋት ዘጠና አምስት ተኩል። ናምሩንግ ዘጠና አንድ። ሳማ፣ አያትህ ቤት፣ ሰማንያ ስምንት። ዘጠኝ ማደሪያ፣ ዘጠኝ ቁጥር፤ አንዱም አልተሰረዘም፣ አንዱም አልተደለዘም። እንዲህ ያለ ሥራ ከአስረኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ተቀብዬ አላውቅም። የት እንዳለህ ስለማላውቅ ደብተሩን ከመጻሕፍቶቼ መካከል አስቀመጥኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የት እንዳለህም አልጠየቅኩም።

ፑርና ስለ ሰሌዳህ ካወራኝ በኋላ ግን ቴርሞሜትር ገዝቼ ኩሽናዬ ገባሁና ድስት ጣድኩ። ዲልማያ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ሚስ፣ ሾርባው ትኩሳት ይዞታል እንዴ?»

«ቀልዱን ተይና ቁጥሩን አንብቢልኝ፤ መነጽሬን እንፋሎት ሸፈነው።»

«ዘጠና ስድስት ይላል።»

«ደግመሽ አንብቢ።»

«አስር ጊዜ ባነበውም መቶ አይሆንልዎትም።»

ከዚህ ኩሽና ሁለት መቶ እርምጃ በማይርቅ ክፍል ቆሜ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ውሃ በመቶ ይፈላል ብያለሁ። እዚህም በመቶ አይፈላም። አንድ ቀን ድስት ጥጄ አላየሁም። ከዚያች ቀን ወዲህ፣ ኡርጌን፣ እንደ ሕፃን ጠያቂ ሆኛለሁ። አንተ ጋ ድንች በስንት ደቂቃ ይበስላል? ምስርስ ይበስላል ወይስ ዝም ብሎ ይንፈቀፈቃል? ዛፍ የማይበቅልበት ቦታ ምድጃውን በምን ታነዱታላችሁ? ፑርናን ስጠይቀው «ሚስ፣ እኔ የበሰለውን ነው የምበላው» ይለኛል። ስለዚህ ሄጄ ለማየት ወሰንኩ።

ዝግጅቴን ልንገርህ፤ ነገሩን በቀልድ እንዳልያዝኩት እንድታውቅ። ከአምስት ወር ጀምሮ በየማለዳው የጎርካን ቤተ መንግሥት ደረጃ እወጣለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አስራ አራት ጊዜ አረፍኩ፤ አሁን ሦስት ጊዜ ነው። በየዕረፍቱ ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን መለኪያ አድርጌ የልቤን ምትና የደሜን ኦክስጅን እጽፋለሁ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ሠንጠረዤን አይቶ «ሻይ ቤቱ ድረስ ይውጡ፣ መሻገሪያውን ግን አይሞክሩ፤ የኦክስጅኑ ቁጥር ከሰባ አምስት ከወረደ በዚያው ሰዓት ወደ ታች» ብሎኛል፤ ቃሉን አስፈርሜዋለሁ። ጫማዬን እቤት ውስጥ እያደረግኩ አለሳልሼዋለሁ፤ ጎረቤቶቼ በተራራ ጫማ ሽንኩርት የምታቁላላ ሴት ለማየት በአጥር እያጮለቁ ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሪ ለበስኩ። ዲልማያ ዙሪያዬን ዞራ አየችኝና «ከኋላ ሲያዩዎት የወረዳ ጸሐፊ ይመስላሉ» አለችኝ።

አብራኝ የምትመጣው እሷ ናት። ሻንጣዬን በግንባሯ ማንገቻ ይዛ ለመውጣት ተስማምታለች፣ ከሰባት ኪሎ እንዳይበልጥ በሚል። ያላስማማን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዲልማያ ሌክ የሚባለው የከፍታ ሕመም እኛን አይነካም ባይ ናት።

«እኛ የተራራ ልጆች ነን» ትላለች። «ሌክ የፈረንጅ በሽታ ነው።»

«አንቺ የተወለድሽው የሙዝ ዛፍ ሥር ነው፣ ዲልማያ።»

«ከሙዙ ዛፍ ሥር በረዶ ይታየኝ ነበር።»

እኔም ብሆን ከእሷ ብዙ አልሻልም። በመጀመሪያው የጉዞ ሠንጠረዤ ላይ ከፍታውን ለመልመድ ሳማ መንደር አንድ ሌሊት ብቻ ነበር የጻፍኩት፤ ለጎርካ ሰው ይበቃል ብዬ። ከዚያ አንተ ጋ ደወልኩ። አሁን ማን ጋር ትነጋገር እንደነበር ስላወቅክ፣ በእኔ በኩል እንዴት እንደተሰማ ልጻፍልህ።

«ስንት ዓመትዎ ነው፣ እማማ?» አልክ።

«ስልሳ ስምንት።»

«ከማን ጋር ይመጣሉ?»

«ከአንዲት ወዳጄ ጋር። እሷ ስልሳ ናት።»

«ጥሩ፣ ወጣት ይዘዋል። ሳማ ስንት ሌሊት ያድራሉ?»

«አንድ።»

«እንግዲያው ቦታ የለም።»

«አሁን አለ አልከኝ እኮ።»

«ሳማ ሁለት ሌሊት ላደረ ሰው አለ። አንድ ላደረ የለም።»

ዲልማያ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ስማ አንተ፣ እኛ የተራራ ሰዎች ነን። ይህን ለፈረንጆችህ ንገራቸው።»

«እትዬ» አልካት ድምፅህን ከፍ ሳታደርግ፣ «ባለፈው ዓመት ሌክ ይዟቸው ከቤቴ በፈረስ ያወረድኳቸው ሰባት ሰዎች ናቸው። አንድም ፈረንጅ የለባቸውም። የጎርካና የቺትዋን ሰዎች ናቸው። በጂፕ መጥተው፣ እየዘፈኑ ወጥተው፣ እኛ የተራራ ሰዎች ነን ያሉኝ። ፈረንጅ ስለሚፈራ ቀስ ይላል።»

ዲልማያ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችና «ራትስ ምን አለ?» አለችህ።

«ነጭ ሽንኩርት ሾርባና ድንች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያላዘዘ አይበላም። ክፍሎቹን ቡድን ይዟቸዋል፤ እናንተ ምግብ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ትተኛላችሁ። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው፤ ክፍል ለያዙት እንዳትነግሩብኝ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ዲልማያ «ይህ ሰውዬ ቁርጥ እርስዎን» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልጠየቅኳትም። ሠንጠረዡን ቀድጄ ሳማ ሁለት ሌሊት ብዬ እንደገና ሠራሁት።

ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ደጃፍህ ከደረስኩ እንደማትመልሰኝ አውቃለሁ። በዚያ ብርድ አሮጊት ከደጅ የሚመልስ ሰው በእናንተ አገር የለም፤ ወንድምህን የገደለ ሰው እናት ብትሆን እንኳ መጀመሪያ ሻይ ትቀዳላታለህ። እኔ የፈራሁት ይህንኑ ነው። እንግዳ ተቀባይነትህን እንደ ይቅርታ ቆጥሬ፣ ሾርባህን ጠጥቼ፣ ቀሎኝ እንዳልወርድ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ እላለሁ፤ ሌባ አልነበርክም። አንድ ጥያቄ ይዘህ ዘጠኝ ቀን በእግርህ የሄድክ ልጅ ነበርክ፤ እኔ ደግሞ ጥያቄውን ሳልሰማ ፈረድኩ። በዚያ ሰልፍ ላይ ከነበሩት መካከል እዚህ ባዛር የቀሩትን አስራ አንድ ሰዎች ፈልጌ ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ሦስቱ አላስታወሱም። አንዱ፣ አሁን የወፍጮ ባለቤት የሆነው፣ «ሚስ፣ እኔ ግን ሁልጊዜ አስታውሰው ነበር» አለኝ።

እንዲህ እናድርግ። ሁለቱን ሌሊት ሳማ እደሪ ያልከኝ ለሳንባዬ ብለህ ነው። እኔ ግን ለአንተ እሰጣቸዋለሁ። ከአንተ ዘንድ በየቀኑ ወደ ሳማ የሚወርድ ሰው አይጠፋም፤ «ትምጣ» ካልክ በማንም አፍ ላክብኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ግቢውን እስክትሞላ እጠብቃለሁ። ቃል ካልመጣ፣ ደብተርህን በስምህ ለማደሪያው ባለቤት አደራ ሰጥቼ፣ ለምን ሳልል ወደ ጎርካ እመለሳለሁ። ዲልማያም ይህን ታውቃለች፤ ምርር ብላ ታጉረመርማለች እንጂ አልፋ አትሄድም።

ትምጣ ካልክ ግን የምጠይቅህ አለኝ። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ፣ ከሳማው ቁጥር ሥር፣ በትንንሽ ፊደል «አያቴ አላመነችም፤ ነገ እንደገና» ብለህ ጽፈሃል። ከዚያ ቀጥሎ ገጹ ባዶ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ባዶ ገጽ ስገልጥና ስመልስ ኖሬያለሁ። በማግስቱ ምን ሆነ? እንደገና ለካህ? አያትህ አመነች? መልሱ ረጅም ቢሆንም ግድ የለኝም። እስክትጨርስ አላቋርጥህም።

ያሾዳ ፓንታ
ከካርቲክ ወር አስራ አንድ እስከ አስራ ሦስት ጠዋት ድረስ ሳማ እገኛለሁ።