የጆንያው ቋጠሮ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንደ ሁልጊዜው ልጀምር ነበር፤ ዘንድሮ ግን ውሸት አልጽፍም። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ንዴት ሊገድለኝ ነው። አባባ ደህና ነኝ ይላሉ። እሳቸውን ደግሞ ታውቃቸዋለህ፤ እግራቸው ቢቆረጥም ደህና ነኝ ነው የሚሉት።

የውጭ አገር ነጭ ሽንኩርት ገበያውን ካጥለቀለቀው ወዲህ የኛን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። መጋዘን ውስጥ እንዳለ በቅሏል። መንግሥት የውጭ ዕቃ ለጎዳቸው ገበሬዎች ድጎማ እከፍላለሁ ሲል እንዴት ደስ እንዳለኝ! የዘር መግዣ ሆነልን አልኩ። ድጎማው ከቀረ ማሳውን መሸጣችን ነው፤ የሚፈልገው ደግሞ ጡብ ሠሪው ነው። እሱ አይዘራበትም፤ አፈሩን ቆፍሮ ይወስደዋል።

ቅጹ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር አለች፤ ገበያችሁን የወሰደው አስመጪ ማን ነው ትላለች። እሷን ለመሙላት አባባን ይዤ ከተማ ወረድኩ። ባለሱቁ ሽንኩርቱን ከማን እንደሚረከብ አልናገርም ብሎ ድርቅ አለ። አባባ ታዲያ እስቲ ሽንኩርቱን ልየው ብለው ወደ ጆንያው ጎንበስ አሉ። ባለሱቁ እየሳቀ፣ አይልፉ አባት፣ ይሄ ቋጠሮ አይፈታም፣ እኛም በቢላ ነው የምንቆርጠው አላቸው። አባባ ጫፉን በግራ እጃቸው ይዘው አንዴ ሳብ አደረጉት። ተፈታ።

ያን ቋጠሮ የሚችሉት አባባና እኔ ነን። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ባለፈው ደብዳቤህ ከውጭ አገር ዕቃ የማጓጓዝ ሥራ ጀመርኩ ብለኸኝ ነበር። ምን እንደምታጓጉዝ አልጠየቅኩህም፤ ሞኟ እኔ! ለሰው ሁሉ ወንድሜ አለፈለት እያልኩ አወራሁ።

ከገበያው በቀጥታ ወደ ድጎማው ቢሮ ሄድን። ጸሐፊዋ ማን ጎዳዎት ስትላቸው አባባ ቀና ብለው፣ እኔን የጎዳኝ ሰው የለም፣ ሽንኩርቴም ተሸጦ አልቋል አሏት። አልቋል! መጋዘን ሙሉ በቅሎ ተቀምጦ! ልትሰርዘው ስትል ቅጹን ከእጇ ነጠቅኳት። መስመሯ ባዶ ከሆነች ክፍያ የለም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘሽ ነይ አለችኝ።

መንገድ ላይ ጮህኩባቸው፣ ወንድሜ። በሕይወቴ አባባ ላይ ጮሄ አላውቅም። ማሳው ሊሄድ ነው፣ ምን ነካዎት አልኳቸው። እሳቸው ግን፣ ወንድምሽ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል ብሎ ጽፎልሽ ነበር አይደል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ሄደው ይቆማሉ። ጡብ ሠሪውም ሜትሩን ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቷል።

ቅጹን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ስማቸውን፣ የማሳውን ስፋት፣ ሳይሸጥ የቀረውን ሁሉ ሞልቼዋለሁ። የመጨረሻዋን መስመር ግን እኔ አልነካትም፤ አባባም አይነኳትም። እሷን በራስህ እጅ ሙላት።

ልጆችህን ያሳድግልህ። እነሱም ሲያድጉ እንደ አባባ ያለ አባት አይጡ።

እጅህን ይዛ መቋጠር ያስተማረችህ
እህትህ