አንተ ያወጣህለት ስም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

አገሩ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከአማቴ ምላስ በቀር ሁላችንም ጤነኞች ነን።

አንተ ለልጄ ያወጣህለትን ስም ሰፈሩ ሁሉ አላምጦ ተፋው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ «ልጅ ወለድሽ ወይስ ሱቅ ከፈትሽ?» አለችኝ። «ሱቅ ብከፍትማ አንቺን በሩንም አላስረግጥሽ!» አልኳት። አማቴ ደግሞ «የውሻ ስም ነው» ብለው ቁጭ አሉ። «ለዚህ ነዋ በተጠራ ቁጥር እርስዎ የሚጮኹት!» ብላቸው ባሌ አኮረፈኝ።

ባለፈው እሑድ አማቴ ከልጁ ጀርባ ቆመው ስሙን ደጋግመው ጠሩና፣ «አየሽ፣ ራሱም ጠልቶታል፤ ዞር እንኳ አይልም» አሉኝ። ቀጥለው እሳቸው በመረጡለት ስም ጠሩት። ለእሱም አልዞረም። ደስ ብሎኝ ሳቅኩባቸው።

ሳቄን ሳልጨርስ ባሌ በረንዳው ላይ ለበር የሚቆርጠው ላሜራ ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አማቴ ከመሬት ዘለሉ፤ የያዙት ሻይ ቀሚሳቸው ላይ ተደፋ። ልጁ ግን ጣቶቹን እያየ መሳቁን ቀጠለ።

«ጨዋ ልጅ፣ በትንሽ በትልቁ አይደነግጥም» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አማቴ ስሙን በክፉ አንስተውት አያውቁም። ልጁን አቅፈው ጆሮውን ይዳብሳሉ። ምነው እንደ ድሮው በሰደቡት እላለሁ።

ሁሉም በያለበት ሰላም ብሎሃል። ስትመጣ ያወጣህለትን ስም አንተው ትጠራዋለህ። ብቻ ከኋላው አትጥራው፤ ፊት ለፊቱ ቁምና አፍህን እያየ ይሁን።

ታናሽ እህትህ፣ በርበሬዋ